ዓርብ ማታ ተጀምሮ እሁድ ማታ የሚያልቅ ጌም

የጌም ጃም ሕግ አጭር ነው። ጭብጥ ይነገራችኋል፣ ሰዓቱ መቁጠር ይጀምራል፣ ሲያልቅ ሌላ ሰው ሊጫወተው የሚችል ጌም ታስረክባላችሁ። ግሎባል ጌም ጃም በየዓመቱ በጥር ወር በብዙ አገሮች በአንድ ሰሞን ይካሄዳል። ሉደም ዴር ደግሞ በኢንተርኔት የሚደረግ ሆኖ፣ ብቻውን ሁሉንም ከባዶ ለሚሠራ 48 ሰዓት፣ በቡድን ለሚሠራ 72 ሰዓት ይሰጣል። ጓደኛሞች ተሰባስበው በአንድ ሳሎን የሚያደርጉትም ጃም ሕጉ ያው ነው። ከሞከሩት ሰዎች የሚሰማው ቅሬታም አንድ ዓይነት ነው፦ «ሐሳባችን ጥሩ ነበር፣ ግን አልደረስንም።»

ሳይደርሱ ከሚቀሩት ብዙዎቹ ኮድ መጻፍ አቅቷቸው አይመስለኝም። ቅዳሜ ማታ ድረስ አንድም የሚጫወቱት ነገር ሳይኖራቸው ሜኑ ሲያሳምሩ፣ ገጸ ባሕርይ ሲስሉ፣ ታሪክ ሲጽፉ ይቆያሉ። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል በሙሉ የቆመው በአንድ ነገር ላይ ነው፤ ዓርብ ሌሊት ከመተኛታችሁ በፊት፣ ምንም ያህል አስቀያሚ ቢሆን፣ ሰው ሊጫወተው የሚችል ጌም በእጃችሁ ይኑር። የቀረው ሰዓት ሁሉ የዚያ ማሻሻያ ነው።

1. ሰዓቱ ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት ዕቃችሁን አሰናዱ

እዚህ የምንሠራበት ጎዶ የሚባለው የጌም መሥሪያ ፕሮግራም ነው። ነፃ ነው፣ ደከም ባለ ላፕቶፕ ላይም ይሠራል፣ ማብራሪያውም ኤፍ1ን ሲጫኑ ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል። ዩኒቲ ወይም ሌላ የለመዳችሁት ካለ በዚያው ሥሩ፤ በጃም መሀል አዲስ መሣሪያ መማር ሰዓቱን ይበላዋል።

ጎዶን ማውረድ ብቻውን አይበቃም። የሠራችሁትን ጌም ለሌላ ሰው እንዲደርስ አድርጎ ለማውጣት ኤክስፖርት ቴምፕሌት የሚባል ሌላ ፋይል ያስፈልጋል። መጠኑ ከጎዶው ራሱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ የስሪት ቁጥሩም ከጎዶው ጋር እስከ መጨረሻው ነጥብ መግጠም አለበት። ይህን እሁድ ከሰዓት፣ ዳታ ተሟጦ ሳለ ማወቅ ሁለት ቀን የደከሙበትን ያስቀራል። ከሰኞ እስከ ኀሙስ ባለው ጊዜ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ሄዳችሁ አውርዱት።

ቀጥሎ የልምምድ ፕሮጀክት ሥሩ፤ አንድ ካሬ በቀስት ቁልፎች ሲንቀሳቀስ፣ ሌላ ምንም የሌለበት። እሱን ወደ ድር ኤክስፖርት አድርጉት፣ ኢች ዶት አይኦ በሚባለው ጌም የሚጫንበት ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍታችሁ በረቂቅነት ጫኑትና በሌላ ሰው ኮምፒውተር ክፈቱት። ይህን ስታደርጉ አምስት ነገር ተጠንቀቁ። ፕሮጀክቱ ሲከፈት ከሚቀርቡት የሥዕል አቀራረብ ምርጫዎች «ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ያዙ፤ ብራውዘር ላይ የሚሠራው እሱ ነው። ኮዱን በጎዶው በራሱ ቋንቋ፣ በጂዲስክሪፕት ጻፉ፤ በጎዶ 4 በሲ ሻርፕ የተጻፈ ፕሮጀክት ወደ ድር አይወጣም። የጎዶው ስሪት 4.3 ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ ይሁን፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የ4 ስሪቶች ብራውዘር ላይ ለመከፈት ተጨማሪ ማስተካከያ ይጠይቃሉ። ከኤክስፖርቱ የሚወጣው ዋናው ፋይል ደግሞ «ኢንዴክስ ዶት ኤችቲኤምኤል» ተብሎ ይሰየም፤ ከሌሎቹ ጋር ዚፕ ተደርጎ ሲጫን ኢች ዶት አይኦ የሚፈልገው ይህን ስም ነው። በገጹ ላይ «በብራውዘር ይጫወቱት» የሚል ትርጉም ያላት ትንሽ ሳጥን አለች፤ እሷ ላይ ምልክት ካላደረጋችሁ ሰው የሚያየው የሚወርድ ፋይል ብቻ ነው።

ካሬው በጓደኛችሁ ብራውዘር ውስጥ ከተንቀሳቀሰ የጃሙን በጣም አስጨናቂ ክፍል ሳይጀመር ጨርሳችሁታል።

ከዚህ ሌላ የላፕቶፑ ባትሪ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ለኩ፣ አንድ ፍላሽ አዘጋጁ፣ ማውዝና ጆሮ ማዳመጫ ያዙ። መብራት ሊጠፋ የሚችልበት ሰፈር ከሆናችሁ፣ ጌሙ አንድ አዲስ ነገር ሠርቶ ባሳየ ቁጥር ፎልደሩን ሙሉ በሙሉ ወደ ፍላሹ ገልብጡ፤ ስሙንም በሰዓቱ ሰይሙት። ጊት የምትችሉ በጊት ያዙት። ትላንት ይሠራ የነበረውን ቅጂ ማግኘት መቻል፣ ዛሬ የተበላሸውን ለማወቅ ከሁሉ አጭሩ መንገድ ነው።

2. ሰዓቱን በራሳችሁ አቆጣጠር ጻፉት

የኢንተርኔት ጃሞች የማብቂያ ሰዓት ብዙ ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት ይነገራል። ኢትዮጵያ ከዚያ 3 ሰዓት ትቀድማለች። እሁድ 22 ሰዓት የሚል ማብቂያ ካያችሁ፣ ለእናንተ እሁድ ለሰኞ አጥቢያ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። በአሜሪካ የበጋ ሰዓት አቆጣጠር ዋሽንግተን ላላችሁ ግን እሁድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ስለሆነ፣ በሁለት አገር ሆናችሁ በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ሁለቱንም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

በዚሁ ወረቀት ላይ የማትሠሩበትን ሰዓት ቀንሱ። እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ለቅሶ መድረስ፣ እንቅልፍ፣ ምግብ። ከ48 ሰዓት ውስጥ በእውነት የምትሠሩበት 22 ወይም 24 ሰዓት ቢሆን ነው፤ ሐሳባችሁን የምትመዝኑትም በዚህ ነው። ከዚህ በኋላ ጃሙ ዓርብ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተጀምሮ እሁድ ከምሽቱ 1 ሰዓት እንደሚያልቅ አድርጌ እቀጥላለሁ።

3. ዓርብ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ተኩል፦ ሐሳቡን በወረቀት አጥብቡት

ኮምፒውተሩ ይዘጋ። የእውነተኛ ጭብጥ ምሳሌ እንውሰድ፤ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2018 የሉደም ዴር ጭብጥ «ቦታ እያለቀ ነው» የሚል ነበር። መጀመሪያ ወደ አእምሮ የሚመጣው ሻንጣ ማሸግ ወይም እየጠበበ የሚሄድ ክፍል ነው፤ ያ ለመቶዎችም መጥቷል። ጻፉትና እለፉት። አራተኛው ወይም አምስተኛው ላይ ስትደርሱ ከራሳችሁ ኑሮ የሆነ ነገር ይመጣል። ለእኛ የሚሆነው የአዲስ አበባ ሚኒባስ ታክሲ ነው እንበል። ቦታ በየቀኑ የሚያልቅበት ስፍራ ነው።

አሁን ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ፤ ተጫዋቹ በጣቱ የሚያደርገው ነገር በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ይኑር። «ስለ ታክሲ ረዳት ሕይወት የሚያሳይ ጌም» አይሆንም፤ ጣቴ ምን ያድርግ? «ታክሲው ራሱ ይሄዳል፤ ስፔስን ስጫን ይቆማል፤ ሰው አሳፍራለሁ፣ ወራጅ አለ ሲባል አወርዳለሁ» ይሆናል። አንድ ቁልፍ፣ አንድ ስክሪን፣ አንድ የመሸነፊያ መንገድ። ከዚህ በላይ የሚጠይቅ ሐሳብ ለ48 ሰዓት አይሆንም። በኦንላይን የሚያገናኝ ጨዋታ፣ ብዙ ንግግር ያለው ታሪክ፣ ክፍት ዓለም የሚፈልግ ሐሳብ ከመጣ ለሌላ ጊዜ አስቀምጡት።

ሐሳቡ ማነሱ ቅር አይበላችሁ። በኖርዲክ ጌም ጃም እ.ኤ.አ. በ2017 የተጀመረው «ባባ ኢዝ ዩ» የተባለው ጌም ተነሥቶ የሄደው ስክሪኑ ላይ ያሉ ቃላትን እየገፉ የጌሙን ሕግ መለወጥ በሚል በአንድ ሐሳብ ነው።

ወረቀቱን ለሁለት ክፈሉት። ከላይ ያለ እሱ ጌሙ ጌም የማይሆንበትን ብቻ፣ ከታች «ጊዜ ከተረፈ» የሚባለውን ሁሉ። ዝናብ፣ ትራፊክ ፖሊስ፣ የተለያዩ መስመሮች፣ የሬዲዮ ሙዚቃ፣ የታክሲው ጥቅስ፤ ሁሉም ከታች። የላይኛው ክፍል ከስድስት መስመር ከበለጠ እንደገና ቀንሱ።

4. ዓርብ ሌሊት፦ በካሬዎች ብቻ ጌሙን ጨርሱት

ይህ ከሁሉም የሚከብደውና ከሁሉም የሚጠቅመው ደረጃ ነው። ምንም ሥዕል አይሳል። ታክሲው ሰማያዊ አራት ማዕዘን ነው፣ ተሳፋሪው ብርቱካናማ ነጥብ፣ መንገዱ ግራጫ መስመር። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ለአንድ ሰዓት የደከማችሁበትን ሥዕል መጣል ያሳሳል፣ ካሬ ግን ማንም አይሳሳለትም። በካሬ የማያዝናና ጌም ደግሞ በሥዕል አይድንም።

የስክሪኑን መጠን 320 በ180 አድርጉት። በ4 ሲባዛ 1280 በ720፣ በ6 ሲባዛ 1920 በ1080 ስለሚሆን በአብዛኛው ስክሪን ላይ ሳይዛባ ይሰፋል፤ ነገ የምትስሉትም ሥዕል ትንሽና ፈጣን ይሆናል።

ታክሲውን ስክሪኑ መሀል አቁሙትና መንገዱን ወደ ግራ አንቀሳቅሱ፤ መሄድ ማለት ይኸው ነው። ስፔስ ሲጫን መንገዱ ይቆማል። ታክሲው በቆመበት አጠገብ ሰው ካለ ይገባል። ስድስት ወንበር አለ። ከገቡት አንዱ በየተወሰነ ጊዜ «ወራጅ አለ!» ይላል፤ በ3 ሰከንድ ውስጥ ካልቆማችሁ ይቆጣል። ታክሲው ሞልቶ ሳለ ሰው ከተሰለፈበት ፊት ከቆማችሁ ሁሉም ይጋፋሉ፣ ትቀጣላችሁ። ሦስት ጥፋት ሲሞላ ጌሙ ያልቃል።

ይህ ሲሠራ የጌሙ ልብ የት እንዳለ በአንዴ ይታያል። ታክሲው ሙሉ ነው፣ ፊት ለፊት ሦስት ሰው ተሰልፏል፣ በዚያው ቅጽበት አንዱ «ወራጅ አለ!» ይላል። ከሰልፉ በፊት ላቁም ወይስ አልፌ? ሦስት ሰከንዱ ይበቃኛል? ያ ውሳኔ ደጋግሞ እንዲመጣ ማድረግ ነው ከእንግዲህ ያለው ሥራ። በእናንተም ጌም ውስጥ እንዲህ ያለውን አንድ ቅጽበት ፈልጉ። ካላገኛችሁት ከሥዕሉ በፊት ሕጉን ለውጡ፤ ዓርብ ሌሊት መለወጥ ቀላል ነው፣ እሁድ አይቻልም።

እዚህ ላይ ጀማሪዎችን የሚጥል አንድ ስሕተት አለ። መንገዱን «በየፍሬሙ 2 ፒክስል» ብላችሁ ካንቀሳቀሳችሁ፣ በሰከንድ 60 ፍሬም በሚያሳይ ስክሪን ላይ 120 ፒክስል ይሄዳል፤ 144 በሚያሳይ ስክሪን ላይ ግን 288። የእናንተ ላፕቶፕ ላይ ልክ የነበረው ታክሲ ሌላው ሰው ጋ ይበራል። ፍጥነቱን በሰከንድ ጻፉና ጎዶ በየፍሬሙ በሚሰጣችሁ «ዴልታ»፣ ማለትም ካለፈው ፍሬም ወዲህ ባለፈው ጊዜ አባዙት።

ጌሙ ሲያልቅ እንደገና የሚያስጀምር ቁልፍ ጨምሩ፤ ከዚያ ያለበትን ሁኔታ ኤክስፖርት አድርጋችሁ ረቂቁ ላይ ጫኑት። ከዚያ ተኙ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የተጻፈ ኮድ ቅዳሜን በማረም ያሳልፍባችኋል።

5. ቅዳሜ ጠዋት፦ ሰው አስቀምጡና ዝም በሉ

ጌሙን አይቶ የማያውቅ ሰው ፈልጉ፤ እህት፣ ጎረቤት፣ ቡና ሊጠጣ የመጣ ዘመድ። ላፕቶፑን ስጡትና ምንም አትናገሩ። «እዚህ ጋ ስፔስ ተጫን» ማለት ያምራችኋል፤ ነገር ግን ጌሙ ኢንተርኔት ላይ ሲወጣ አጠገቡ የምታስረዱ እናንተ አትኖሩም። የት እንደቆመ፣ የትኛውን ቁልፍ መጀመሪያ እንደነካ፣ መቼ ፊቱ እንደተለወጠ ጻፉ።

ብዙ ጊዜ የሚገኘው ችግር ሁለት ነው። አንደኛው፣ ምን ማድረግ እንዳለበት አያውቅም። መፍትሔው የመመሪያ ገጽ መጨመር አይደለም፤ መመሪያ የሚያነብ ጥቂት ነው። የመጀመሪያዎቹን አሥር ሰከንዶች አስተማሪ አድርጓቸው፤ ታክሲው ባዶ ሆኖ ይነሣ፣ አንድ ሰው ብቻውን ቆሞ ይጠብቅ፣ ከጭንቅላቱ በላይ የስፔስ ቁልፍ ሥዕል ይኑር። ሁለተኛው፣ ጌሙ ይከብዳል። እናንተ መቶ ጊዜ ስለተጫወታችሁት በዓለም ላይ የጌሙ አንደኛ ተጫዋች ሆናችኋል፤ ለእናንተ ልክ የሆነው ለሌላው የማይቻል ነው። ለእናንተ እስኪሰለች አቅልሉት።

ለተጫዋቹ የማይታይ ይቅርታም ስጡ። ከተሳፋሪው ትንሽ አልፎ ቢቆም እንኳ እንደ ደረሰ ቁጠሩለት፤ ሦስቱ ሰከንድ ካለቀም በኋላ ሩብ ሰከንድ ጨምሩለት። ማንም አያስተውለውም፤ ግን «ተጭኜ ነበር እኮ!» የሚለው ብስጭት ይጠፋል።

6. ቅዳሜ ቀኑን፦ ድምፅ፣ ሥዕል፣ ስሜት

ከድምፅ ጀምሩ። አንድ ድምፅ ለመጨመር የሚወስደው ደቂቃ ነው፣ ጌሙን ግን ከሥዕል ይልቅ ይለውጠዋል። ጄኤስኤፍኤክስአር የሚባለው ነፃ መሣሪያ ብራውዘር ውስጥ ይከፈታል፤ ቁልፍ በተጫናችሁ ቁጥር አዲስ የሳንቲም፣ የዝላይ፣ የፍንዳታ ድምፅ ይሰጣችኋል፤ የወደዳችሁትን ታስቀምጣላችሁ። «ወራጅ አለ!» የሚለውን ግን በስልካችሁ ቅዱት። የእናት ድምፅ፣ የልጅ ድምፅ፣ የሽማግሌ ድምፅ። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ ማረሚያ ከመጀመሪያው ያለውን ዝምታ ቁረጡት፤ ያች ሩብ ሰከንድ ከቀረች ድምፁ ከሥዕሉ ወደ ኋላ ይቀራል።

አሁን ስፔስን ሲጫኑ የሚሆነውን አንድ ቅጽበት በጥንቃቄ ሥሩት፤ ተጫዋቹ በጌሙ ውስጥ ደጋግሞ የሚያደርገው እሱን ብቻ ነውና። ታክሲው ሲቆም ወደ ፊት ሁለት ፒክስል ዘንበል ይበልና ይመለስ። ከኋላ ጎማው አቧራ ይነሣ። የፍሬን ድምፅ ይሰማ፤ በየጊዜው ግን ቅጥነቱ በጥቂቱ ይለያይ፣ አለዚያ አንድ ዓይነት ድምፅ ጆሮ ያሰለቻል። በሩ ይከፈት። ተሳፋሪው ሲገባ ታክሲው በአንድ ፒክስል ዝቅ ይበል፤ ሲሞላ ተጫዋቹ ቁጥር ሳያነብ መሙላቱን በዓይኑ ያየዋል። ለዚህ ሁለት ሰዓት ብትሰጡት አልበዛም። ሁለተኛ መስመር ወይም ሁለተኛ ተሽከርካሪ ከመጨመር በብዙ ይበልጣል።

ለሥዕሉ አራት ወይም አምስት ቀለም ምረጡና ከዚያ አትውጡ፤ መሳል የማትችሉ ብትሆኑም ጌሙ የተስማማ መልክ ይይዛል። ከባዶ መሥራት ግዴታ ካልሆነ ኬኒ በሚል ስም የሚታወቁት ነፃ ሥዕሎችና ድምፆች ለማንኛውም ሥራ የተፈቀዱ ናቸው። ሕጉን ግን አስቀድማችሁ አንብቡ፤ በሉደም ዴር የ48 ሰዓቱ ክፍል ሁሉም ነገር በእናንተው እጅ በዚያው ጊዜ የተሠራ መሆን አለበት።

በአማርኛ ጽሑፍ ለምትሠሩ አንድ ማሳሰቢያ። ጎዶ ውስጥ ያለው ፎንት የግዕዝ ፊደል የለውም። ኮምፒውተራችሁ ላይ ስትሞክሩት ከሲስተሙ ፎንት እየተበደረ በትክክል ያሳያችኋል፤ ብራውዘር ላይ ግን መበደር ስለማይችል ጽሑፉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካ ኤስአይኤልን አውርዳችሁ ፕሮጀክቱ ውስጥ አስገቡና የጌሙ ዋና ፎንት አድርጉት፤ ሁለቱም ነፃ ናቸው። የስክሪኑን የመስፋት ዘዴም «ካንቫስ አይተምስ» በሚለው ላይ አድርጉ። ሌላው ምርጫ ፊደሉን በ320 በ180 ውስጥ ሥሎ ስለሚያሰፋው የ«ቁ» እና የ«ቂ» ልዩነት ይጠፋል።

በቡድን የምትሠሩ ከሆነ ሁለት ሰው አንድ የሲን ፋይል በአንድ ጊዜ አይክፈት። አንዱ ታክሲውን፣ ሌላው ሜኑውን፣ ሦስተኛው ድምፁን ይያዝ።

7. ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት፦ በሩን ዝጉ

የዓርቡን ወረቀት አውጡ። «ጊዜ ከተረፈ» ከሚለው ውስጥ አንድ ብቻ ምረጡ፤ የቀረውን በእስክሪብቶ ሰርዙት። ከዚህ ሰዓት በኋላ አዲስ ነገር አይጨመርም፤ ያለው ይታረማል።

8. እሁድ፦ እስከ ቀኑ 7 ሰዓት የሚረከበው ቅጂ ይጫን

ከማብቂያው ስድስት ሰዓት በፊት ማለት ነው። ኢንተርኔቱ ቢዘገይ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ዚፑ ቢበላሽ ለመድገም ጊዜ አለ። ከዚያ በኋላ የምትጭኑት ሁሉ ማሻሻያ ነው።

ጎዶ ውስጥ የሚሠራው ብራውዘር ላይ የማይሠራበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው። ዊንዶውስ በትልቅና በትንሽ የእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈን ስም አንድ አድርጎ ያያል፤ ኤክስፖርት የተደረገው ጌም ግን ይለያል። የታክሲው ሥዕል ፋይል ስም በትልቅ ፊደል ጀምሮ በኮዱ ውስጥ በትንሽ ከተጻፈ፣ እናንተ ጋ የሚታየው ታክሲ ብራውዘር ላይ ይጠፋል። ሁሉንም የፋይል ስም በትንሽ ፊደል ጻፉ። ሁለተኛው ድምፅ ነው፤ ብራውዘር ተጫዋቹ አንድ ጊዜ ካልነካ ድምፅ አያሰማም። ስለዚህ ጌሙ «ጀምር» በሚል ቁልፍ ይከፈት።

ለገጹ 630 በ500 ፒክስል የሆነ የሽፋን ሥዕል፣ ከጌሙ መሀል የተነሡ ሦስት የስክሪን ፎቶዎችና ሁለት መስመር ማብራሪያ በቂ ነው። ቁልፎቹን ጻፉ። የተጠቀማችሁበትን የሌላ ሰው ሥራ በስሙ ጥሩ። በኢንተርኔት ጃም ላይ የሚፈርዱት ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች ስለሆኑ «ወራጅ አለ» ምን ማለት እንደሆነ በአንድ መስመር በእንግሊዝኛ አስረዱ፤ ጌሙ ውስጥ ያለውን ድምፅ ግን አትቀይሩት። ጌሙን ከሌላው የሚለየው እሱ ነው።

በመጨረሻ ገጹን ከረቂቅነት አውጡት፣ ለጃሙም አስረክቡት፤ ሁለቱ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ከዚያ ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ በስልክ ሊንኩን ክፈቱ። እናንተ ብቻ የምታዩት ረቂቅ ሆኖ የቀረ ጌም እንዳልተረከበ ይቆጠራል።

9. በሚቀጥለው ሳምንት

የሌሎችን ጌም ተጫወቱ፣ ረዘም ያለ አስተያየት ጻፉ። በሉደም ዴር ውጤት ለማግኘት ጌማችሁ 20 ያህል ሰው ሊመዝነው ይገባል፤ ሰው የሚመጣውም አብዛኛውን ጊዜ እናንተ የሱን ስለተጫወታችሁ ነው። በአስተያየቶቹ ውስጥ መፍትሔ ሳይሆን ችግር ፈልጉ፤ አንዱ «ፍጥነቱን ቀንስ»፣ ሌላው «ሰከንዱን ጨምር» ካላችሁ ሁለቱም የሚሉት ሰልፉ ዘግይቶ ይታያል ነው።

ጌሙ እንዳይከፈት የሚያደርግ ስሕተት ከተገኘ ብዙ ጃሞች እሱን ብቻ እንድታርሙ ይፈቅዳሉ፤ አዲስ ነገር መጨመር ግን አይፈቀድም። መቀጠል ከፈለጋችሁ የተረከበውን ቅጂ ሳትነኩ አስቀምጡና አዲሱን በሌላ ፎልደር ጀምሩ፤ የተሰረዘው ወረቀት እዚያ ላይ ይሠራል።